የአባ ፒክአፕ ሽቦ

ጥር 4፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ደብተሬ፣ ዛሬ ደግሞ የግራው የፊት መብራት እምቢ አለ። ትናንት ግራው በርቶ ቀኙ ጠፋ፤ ዛሬ ቀኙ በርቶ ግራው ጠፋ። ተማክረው የሚሠሩ ይመስላሉ። አምፖል ቀየርሁ። ፊውዝ ቀየርሁ። ቴስተር ይዤ ኮፈኑ ሥር ሦስት ሰዓት ጎብጬ ዋልሁ። ወገቤን ይዤ ወጣሁ።

የሚያሳፍረው ሙያዬ ነው። ሃያ ዓመት ቤት ለቤት ሽቦ ስዘረጋ የኖርሁ ሰው ነኝ። በሰፈራችን በዓባይ ማዶ የኔ እጅ ያልነካው ቆጣሪ ጥቂት ነው። 220 ቮልት ያልደፈረኝን ሰው 12 ቮልት መጫወቻ አደረገኝ። በቤት ሥራ ሁለት ሽቦ አለ፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ። እዚህ አንዱ ሽቦ ብቻ ይሄዳል፤ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። አውቀዋለሁ። እጄ ግን አያምነውም።

አባ ማንጎው ሥር ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ቀኑን ሙሉ። ፒክአፑ የሳቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያጠመዱትን ቀረሶና አምባዛ ዓሣ ከሐይቁ ዳር እየጫኑ መራዊ ገበያ አድርሰውበታል። አምና ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውን ወሰደ፣ ቀኝ እግራቸውን ወሰደ፣ አንደበታቸውንም። ከቃል ሁሉ የቀረላቸው አንድ «ይሁን» ነው። ሻይ ሲቀርብላቸው ይሁን። ሲያማቸውም ይሁን።

ለምን እንደምቸኩል ልጻፍልህ። አክስቴ ዘሀራ፣ የአባ ብቸኛ እኅት፣ መራዊ ላይ ታመው አልጋ ይዘዋል። እሳቸው መምጣት አይችሉም። አባ ደግሞ ሚኒባስ አይሳፈሩም። ባለፈው ረዳቱ ከነጓደኛው አንጠልጥሎ እንደ ኬሻ ሲጭናቸው ሰው ሁሉ እያየ አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ የሰው መኪና በር ሲከፈት የወንበራቸውን እጀታ ጭምድድ አድርገው ይይዛሉ፤ ማንም አያስለቅቃቸውም። ስለዚህ በራስዎ መኪና እወስድዎታለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ሞተሩን መካኒክ ሠራው። ቆርቆሮውን በያጅ ጠገነው። ቀለሙን ራሴ ቀባሁ፤ ሰማያዊ፣ እንደ ድሮው። ሽቦውማ የኔ ሥራ ነው፣ ለሽቦ ሰው አልጠራም አልሁ። አፌን በቆረጠው።


ጥር 6፣ ጠዋት

የቀኝ ፍሬቻ ሳበራ ሁለቱም ጎን ፈዘዝ ብለው ብልጭ ይላሉ። ፍሬን ስረግጥ የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል። ክላክስ ስጫን ዝናብ መጥረጊያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ጠርቼ ለባለቤቴ ለራህማ አሳየኋት። እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ቤታችን ምድጃ ስሰካ ቴሌቪዥኑ የሚጠፋው ለካ የእጅህ ሥራ ነው አለች። እኔም ሳቅሁ። ክፉ አይደለችም፤ ደግሞ እውነቷን ነው።

አባ አልሳቁም። ከዳሽቦርዱ የተዘረገፈውን ሽቦ ያያሉ።

ሽቦው ግማሹ ቀይ ነው። አባ የተበጠሰ ሁሉ ባገኙት ይቀጥሉ ነበር፤ በስልክ ሽቦ፣ በቤት ሽቦ፣ በአሮጌ ሬዲዮ ሽቦ። ስለዚህ በቀለም መለየት ከንቱ ነው። ከፊት አሥራ አምስት ጫፍ ይወጣል፣ ከኋላ አሥራ ሰባት። መሐል ላይ የሚሆነው አይታይም፤ ብረቱ ውስጥ ነው፣ በያጁም ላዩን ደፍኖታል። እንዲደፍን ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ቆንጆ ይሆናል ብዬ።


ጥር 8፣ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

ዛሬ ያደረግሁትን ለሰው አልናገርም፤ ላንተ ግን እጽፋለሁ።

ፊውዙ አራት ጊዜ ተቃጠለ። አምስተኛው ላይ ተናደድሁና በፊውዙ ቦታ ቁራጭ ሽቦ ሰካሁ። ደንበኛ ቤት ገብቼ እንዲህ ያለ ነገር ባይ ሰውየውን ስድብ የማጠግበው እኔ ነኝ። ቁልፉን አዞርሁ። ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሁሉም በራ፤ የፊቱ፣ የኋላው፣ ሁሉም። ከዚያ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ።

ባትሪውን ለመንቀል ስሮጥ ኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። አባ ሊነሡ ሞክረው ከነወንበራቸው ወድቀዋል። መሬት ላይ ሆነው ወደ መኪናው ግራ እጃቸውን ዘርግተው ይሁን፣ ይሁን፣ ይሁን ይላሉ። ጩኸት ነው። ባትሪውን ነቀልሁ፤ ከዚያ ነው አባን ያነሣሁ። ቅደም ተከተሉን ልብ በል፤ መጀመሪያ ባትሪውን።

ክርናቸው ተልጧል። ራህማ አጠበችላቸው፤ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። ከመኪናው ሦስት ሽቦ ተቃጥሏል፤ የምን እንደሆኑ አላውቅም።


ጥር 11

ጥምቀት ነው። ታቦቱ ወጥቶ መንገዱ ሁሉ ሕዝብ ነው፤ ባጃጅ የለም፣ ጋራዥ ሁሉ ዝግ። ደግሞ ቢከፈትስ? ሁለት ጋራዥ ጠይቄያለሁ። ያለውን ሁሉ አውጥተህ ጣልና እንደ አዲስ አስዘርጋ ነው መልሳቸው፤ ለዚያም ብየዳው ይከፈታል፣ ተራም ይጠበቃል።

ቀትር ላይ የአክስቴ ልጅ ከማል ከመራዊ ደወለ። አክስቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋልኝ። ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል። «ሰይድ፣ የወንድሜ መኪና አልተሠራችም ወይ?» አሉኝ። ደርሳለች አልኋቸው፣ ትንሽ ነው የቀራት። ውሸት ነው። ስልኩን ለአባ ጆሮ ሰጠሁ። አባ ይሁን አሏቸው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሁለቱም ዝም ብለው ቆዩ፤ ስልኩን የያዝሁበት እጄ ዛለ፤ እኔም አላቋረጥኋቸውም።


ጥር 14፣ ከሰዓት በኋላ

ደብተሬ፣ ይህንንም ልጻፈው።

በመጨረሻ ጋሽ አስማረን አገኘሁ። የድሮ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ይህን ፒክአፕ በደኅናው ዘመን እሳቸው ነበሩ የሚያዩት። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሥራ ትተዋል። በባጃጅ አመጣኋቸው። ከአባ ጋር ተሳሳሙ፣ ፈጣሪን አመሰገኑ፣ ከዚያ እጃቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገብተው ሽቦውን አንድ በአንድ ዳበሱ። ረጅም ጊዜ ዳበሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ቋጠሮዎቹስ?» አሉኝ።

የምን ቋጠሮ አልኋቸው።

ነገሩን በዝግታ ነገሩኝ። አባ ፊደል አልቆጠሩም። ጋሽ አስማረ በሽቦው ላይ ቁጥር ሊለጥፉ ሲሉ አባ እኔ ቁጥር አላነብም፣ በኔ መንገድ ይሁን አሏቸው። አባ ራሳቸው በየሽቦው ጫፍ በመረብ ክር ቋጠሮ አሰሩ። አንድ ቋጠሮ የፊት መብራት፣ ሁለት የኋላ፣ ሦስት ፍሬቻ፣ ጆሮ ያለው ቋጠሮ ክላክስ፤ የቀረውን ጋሽ አስማረ ረስተውታል። ሐይቁ ላይ መረብ የሚጥል ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። በገመዱ ጫፍ የየራሱን ቋጠሮ ያስራል፤ ገና ሳይነጋ በጣቱ ዳብሶ የኔ ነው፣ የሰው ነው ብሎ ይለያል። ይህን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? የዓሣ አጥማጅ ልጅ አይደለሁም?

ክሩን አስታውሳለሁ። ኅዳር ላይ ሽቦውን ሳወጣ የዓሣ ኬሻ ሲታሰር የተጠላለፈ ቆሻሻ ክር መሰለኝ። ቅባት የጠገበ፣ የሚሸት። በምላጭ አንድ በአንድ ቆርጬ አወጣሁ። ሽቦውን በቤንዚን አጠብሁ። ክሩን ግቢው ውስጥ ከቅጠል ጋር አቃጠልሁ።

አባ ያን ቀን እዚያው ነበሩ። ወንበራቸውን በግራ እጃቸው እየደበደቡ ጮኹ። አሟቸው ነው ብዬ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጠኋቸው። እምቢ ሲሉ አፋቸውን ይዤ አዋጥኋቸው።

አምና ሆስፒታል ዶክተሩ ነግሮኝ ነበር። የጠፋው መናገሩ ነው፣ ማወቁ አልጠፋም ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬ ነበር የሰማሁት።

ጋሽ አስማረ ሌላም ጉድ አገኙ። ወደ ብረቱ የሚታሰሩትን የኔጌቲቭ ሽቦዎች በሙሉ በቀለሙ ላይ ነው ያሰርኋቸው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አንዱ መብራት መመለሻ ሲያጣ በሌላው መብራት ዞሮ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ፍሬን ስረግጥ ሌላው የሚበራው። ብረቱን ካባ አልብሰህ ነው ከሱ ጋር የምትነጋገር አሉኝ። መጀመሪያ ሽቦ፣ ኋላ ቀለም መሆን ነበረበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ሲሄዱ የአባን ትከሻ ያዝ አድርገው ቆሙ። እኔ ግን ወደ አባ ዓይን ማየት አልቻልሁም።


ጥር 15፣ አርብ

ዛሬ መኪናውን አልነካሁም። ከስግደት መልስ አባ ፊት ቁጭ አልሁ። ያቃጠልሁት ምን እንደነበረ አሁን ገና ገባኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኋቸው። ይሁን አሉ።

የትኛው ይሁን እንደሆነ አላውቅም። ይቅር ብዬሃለሁ ነው? ምን ይደረግ ነው? ሂድ ከፊቴ ነው? ቀኑን ሙሉ ድምፃቸውን በጆሮዬ ስመላልሰው ዋልሁ።


ጥር 17

በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ከየብሎኑ ሥር ፋቅሁ። ብረቱ ነጥቶ እስኪታይ። ሰማያዊው ላይ ዘጠኝ ቁስል አወጣሁ። ግን ፍሬቻው አሁን በአንድ ጎን ብቻ ብልጭ ይላል። ከእጅ አይሻል ዶማ፣ ግን ይሻላል።

የቀረው ሽቦ መለየት ነው። ረጅም ሽቦ ቀጥዬ፣ አንዱን ጫፍ ፊት አድርጌ፣ በቴስተር ከኋላ አንድ በአንድ እፈልጋለሁ። የፊቱ አንድ ሽቦ ከኋላ ሦስት ሆኖ ይወጣል። ሌላው የትም አይወጣም። በቀን አንድ ሽቦ፣ ቢቀናኝ ሁለት። ከዚያ መቀጠል፣ መሞከር፣ የተቃጠለውን መተካት። አሥራ አምስት ቀን ልበል? ከማል ደግሞ አክስቴ ውኃ በማንኪያ ነው የሚወስዱ ይላል።

ተስፋ ቆርጬ አባን ጠየቅሁ። ወንበራቸውን መኪናው በር ድረስ ገፍቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ይህ የፊት መብራት ነው? ይሁን። የክላክስ ነው? ይሁን። የምንም አይደለም? ይሁን። ስድስተኛው ላይ ፊታቸውን አዞሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ጠይቄ ጠይቄ ያለቻቸውን አንዲት ቃል ማሰቃያ አደረግሁባቸው።

አቅም አጣሁ። ሌላ ቃል የለኝም።


ጥር 19፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ራህማ ነች ያሰበችው፤ እኔ አይደለሁም። ትናንት ገበያ ሄዳ አንድ ልቃቂት የመረብ ክር ገዝታ መጣች። ለአባ ሰጠቻቸውና ምንም ሳትጠይቅ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አባ ክሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ዛሬ ጠዋት ግን በግራ እጃቸው ግራ ጫማቸውን ገፍተው አወለቁ። የክሩን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ላይ ጠመጠሙ። መረብ የሚጠግን ሰው እንዲህ ነው የሚቀመጠው፤ መረቡን በእግሩ ጣት ወጥሮ። አባ የቀኝ እጃቸውን ሥራ ለእግራቸው ሰጡት። ክሩ ሾለከ። እንደገና ጠመጠሙ። ሾለከ። ልረዳ ብዬ ስጠጋ ራህማ በዓይኗ አስቆመችኝ።

ሽቦዎቹን አቀረብሁላቸው፤ ዛሬ አልጠየቅሁም። በአውራ ጣታቸው እያሹ አንድ በአንድ አሳለፉ። ያን ሁሉ የስልክ ሽቦ፣ የሬዲዮ ሽቦ ራሳቸው ናቸው የቀጠሉት፤ ውፍረቱን ጣታቸው ያውቀዋል። አንዱ ላይ ቆሙ። እግራቸው ጣት ላይ አስቀምጠው ክሩን በጥርሳቸው ያዙ። አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ሲጨርሱ አንድ ቋጠሮ ነው። የፊት መብራት።

አገናኘሁት። የግራው የፊት መብራት በራ። በጠራራ ፀሐይ ደብዛዛ ነው፣ ቢሆንም በራ።

አባ መብራቱን አላዩም። ሁለተኛ ሽቦ ይፈልጋሉ።


ጥር 21

በሦስት ቀን ሦስት ሽቦ። ትናንት የኋላውን፣ ዛሬ የግራ ፍሬቻን። ጥርሳቸው ደም አወጣ፤ አላቆሙም። እጃቸው ሲደክም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ሲነቁ ወዲያው ክሩን ይፈልጋሉ። ለምን እንደሚቸኩሉ እናውቃለን፣ ሦስታችንም።

ሒሳቡን ልሥራው ብዬ ተውሁት። የቀሩት ሽቦዎች አሥራ ሁለት ናቸው። እኔ ቆሜ ከማየት ሌላ ሥራ የለኝም። ይህን ያህል ዓመት ሙያ ይዤ ሽቦ አቀባይ ሆንሁ። አይከፋኝም። የሚከፋኝ ጊዜውን መቅደም አለመቻሌ ነው።


ጥር 23፣ ጠዋት 4 ሰ. ከሩብ

ከማል አሁን ደወለ። አክስቴ ዘሀራ ዐርፈዋል። ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሒ ላይ። ቀብሩ ቀትር ላይ፣ ከዙህር ሰላት በኋላ ነው፤ አንጠብቅም፣ ድረሱ አለ።

ስልኩን ይዤ ወደዚህ ክፍል ገባሁ። አባን በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ማንጎው ሥር ናቸው፣ ክሩ እግራቸው ላይ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ አራተኛውን ይዘዋል።

ራህማ መጣች። አለቀሰች፤ ቶሎም ዐይኗን ጠረገች። አትንገራቸው ትላለች። መኪናው ደርሷል በላቸውና አሳፍራቸው፤ እዚያ ዘመድ በተሰበሰበበት ትልልቆቹ ያርዷቸው። ማን ያርዳ? የቀበረ። መርዶ ብቻውን ባለ ሰው ላይ አይጣልም፤ እሷ ያለችው ሁሉም የሚያደርገው ነው። እኔም በሌላ ሰው ቤት ብሆን ይህንኑ እመክር ነበር።

ግን አስበው፣ ደብተሬ። ደርሷል ስላቸው ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው። ደስ ብሏቸው ይሳፈራሉ። ከዚህ እስከ መራዊ መንገዱን ሁሉ እያዩ፣ እኅቴን ላያት ነው ብለው እየተዘጋጁ ይሄዳሉ። እኔ አጠገባቸው መሪ ይዤ፣ እያወቅሁ። ከዚያ ድንኳኑን ያያሉ። የሚጠይቁበት አፍ የላቸውም። የሚጮኹበትም እንደሌሎቹ አይደለም። አንድ ሰው ደግሞ አሟቸው ነው ብሎ ክኒን ይፈልግላቸዋል።

ኅዳር ላይ እሳቸው የሚያውቁትን እኔ እንደማያውቁ ቆጥሬ ወሰንሁባቸው። ከዚህ በኋላ እሳቸው ሳያውቁ በሳቸው ነገር ላይ አልወስንም። ለራህማ እንዲህ አልኋት። ከዚያ ሻርፗን ልታመጣ ሄደች፤ የቀኙ ፍሬቻ ስለማይሠራ በመስኮት እጄን እያወጣሁ ምልክት እሰጣለሁ አለች።

ሞተሩ ይነሣል። ፍሬኑ ይይዛል። ክላክስ የለም። ቀን ነው፣ በዝግታ እንሄዳለን። ትራፊክ ካስቆመን እውነቱን እነግረዋለሁ።

ጎረቤት አልጠራም። ሽማግሌ አልሰበስብም። እጄን ታጥቤ እወጣለሁ፣ ፊታቸው መሬት ላይ እቀመጣለሁ፣ ክሩን ከእግራቸው ቀስ አድርጌ አወጣለሁ፣ እኔው በአፌ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ እጠይቃቸዋለሁ። መሄድ ከፈለጉ ብቻዬን ተሸክሜ በራሳቸው መኪና አስገባቸዋለሁ፤ ማንም አያግዘኝም። የወንበራቸውን እጀታ ጭምድድ አድርገው ይዘው አይ፣ እዚሁ ልሁን ካሉ ደግሞ

አባ ቀና አሉ። መስኮቱን እያዩ ነው